ፍቅረኞቹ ምን ሠርተው ነው የሚበሉት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርቡ አንድ አንባቢያችሁ በደብዳቤ ገጻችሁ ላይ ስለ አማርኛ ፊልም የጻፉትን አነበብኩ። የፍቅር ፊልም ሰለቸን ይላሉ። አገር ይህ ሁሉ ጉዳይ እያለባት ሠሪዎቻችን ከፍቅር ሌላ ወሬ የላቸውም ይላሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የፍቅር ፊልም የሰነፍ ሥራ ነው፣ ቁም ነገር አይገኝበትም ብለው ይዘጋሉ።

በመሰልቸታቸው አልፈርድባቸውም። እኔም ሰልችቶኛል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ከነከነችኝ። ቁም ነገር ያጡት ፊልሞቹ እንጂ ፍቅሩ አይደለም። ይህን ደግሞ በባዶ ሜዳ አልከራከርም። ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል የፍቅር ፊልም ሲሠራ የኖረ ሰው አለ። ፍራንክ ቦርዜጊ ይባላል። ኦስካር ሲጀመር በድራማ ዘርፍ የምርጥ ዳይሬክተርነትን ሽልማት የወሰደው እሱ ነው። የዛሬ ተመልካች ስሙን አያነሳውም። ስለ ሆሊውድ በአማርኛ ስንጽፍም ዘለነው እናልፋለን። እኔ ግን ስለዚህ ሰው ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል።

እኔ ጎንደር አራዳ የምሠራ የሠርግ ካሜራማን ነኝ። ጥር ሲገባ እንቅልፍ የለኝም። ሙሽሮችን ፋሲል ግቢ አስገባለሁ። ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ወስጄ ሥሮቻቸው ግንቡን ያቀፉት ዛፎች ሥር አቆማቸዋለሁ። ሲመሽ ኮረብታው ላይ ወዳለው ጎሃ ሆቴል እናወጣቸውና ከተማዋን ከኋላ አድርገን እንቀርጻለን። ዐቢይ ጾም ሲይዝ ሠርግ ይቆማል፣ ካሜራውም ያርፋል። እኔ ያኔ ነው ፊልም የማየው። ድሮ የተሠሩ ድምፅ አልባ ፊልሞችን በተለይ እወዳለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ግን ብዙም አትቸገርም። በመሀል የሚመጣውን ጽሑፍ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ የቀረውን ከእኔ ቀድማ ትረዳዋለች። ቦርዜጊን የተዋወቅነው እንዲህ ሆነን ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦርዜጊ የተወለደው በ1894 አሜሪካ ውስጥ፣ በዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ በምትባል ከተማ ነው። አባቱ ዛሬ ሰሜን ጣሊያን ከሆነው፣ ያኔ በኦስትሪያ ሥር ከነበረው የትሬንቲኖ ተራራማ አገር የመጣ ግንበኛ ነበር። እናቱ ስዊዘርላንዳዊት ናት። ከተወለዱት 14 ልጆች ያደጉት 8 ናቸው። የእኔም አባት ግንበኛ ነበር። ጎንደር ውስጥ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው እጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የዚህን ሰው ፊልሞች ሳይ ጀግኖቹ ሁሉ እጃቸው የሠራ እጅ ነው። ከሀብታም ቤት ያደገ ሰው እንዲህ አድርጎ አይቀርጽም ብዬ አስባለሁ። እሱ ራሱ በልጅነቱ ብር በሚወጣበት ማዕድን ሠርቷል። ከዚያ ከተማ ለከተማ ከሚዞር የቲያትር ቡድን ጋር ተጠጋ። በ1912 ሎስ አንጀለስ ገብቶ በተዋናይነት ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ዳይሬክተር ሆነ። በ1920 ኒውዮርክ ውስጥ ስለሚኖር ድሃ የአይሁድ ቤተሰብ በሠራው ፊልም ስሙ ወጣ።

አሁን ወደ ትልቁ ፊልም ልግባ። በ1927 ለፎክስ ስቱዲዮ የሠራው «ሰባተኛ ሰማይ» ይባላል። ታሪኩ ፓሪስ ውስጥ ነው። ቺኮ የሚባል ወጣት አለ። ሥራው የከተማውን የፍሳሽ ቦይ ማጽዳት ነው። ከመሬት በታች፣ ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይውላል። የሕይወቱ ትልቅ ምኞት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወደ ላይ ወጥቶ መንገድ አጣቢ መሆን! ከዚህ በላይ አይመኝም። ዳያን ደግሞ ታላቅ እህቷ በአለንጋ የምትገርፋት ልጅ ናት። ፖሊስ ሊወስዳት ሲል ቺኮ ሚስቴ ናት ብሎ ያስጥላታል። ፖሊሶቹ ቤት መጥተው እንደሚያጣሩ ይነግሩታል። ስለዚህ እስኪያጣሩ ድረስ እሱ ቤት መኖር ግድ ሆነባት። ቤቱ ያለው ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ጣራው ሥር ነው።

ያንን ፎቅ ሲወጡ የተቀረጸውን ቀረጻ ሳይ ፊልሙን አቁሜ ደጋግሜ አየሁት። ሁለቱ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ካሜራውም አብሯቸው ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ፎቅ፣ ሁለት ፎቅ፣ ሦስት እያለ ይቀጥላል። ለዚህ ብለው ባለ ብዙ ፎቅ ደረጃ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርተው፣ ካሜራውን በሊፍት እያነሱ ነው የቀረጹት። እኛ ዛሬ ድሮን አስነስተን በደቂቃ የምንሠራው ነገር ነው። ያኔ ግን ካሜራው ከባድ ነው፣ በዚያ ላይ የብርሃኑ ጣጣ አለ። ያን ሁሉ ድካም ለታይታ አላዋሉትም። የሚወጡት እያንዳንዱ ፎቅ ከቦዩ፣ ከአለንጋው፣ ከመንገዱ ያርቃቸዋል። ደረጃው ራሱ ታሪኩን ይተርካል። እኔ ድሮኑን የማስነሳው ሙሽሮቹ ስለሚወዱት ነው። ከዚህ ፊልም ወዲህ ግን ከማስነሳቴ በፊት ለምን ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ቺኮን አንድ ቄስ አግኝቶት የመንገድ አጣቢነት ሥራ ይሰጠዋል። ሁለት የአንገት ሜዳልያም ይጨምርለታል። ኑሮ ቀና ማለት ይጀምራል። ቺኮ ለዳያን ቬሎ ገዝቶላት ይመጣል። ዳያን ቬሎውን ለብሳ ሳትጨርስ ጦርነቱ ይታወጃል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቺኮ የሚሄደው ያኔውኑ ነው። ቄስ የለ፣ ሚዜ የለ፣ እልል የሚል ሰው የለ። ሁለቱ ብቻቸውን ቆመው ሜዳልያዎቹን አንገት ለአንገት ይተሳሰራሉ፣ ይማማላሉ። በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ የትም ይሁኑ የት፣ በሐሳብ ሊገናኙ ይቀጣጠራሉ። በቃ፣ ሠርጉ ይኸው ነው።

እናቴ እዚህ ጋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ጦርነት ሙሽራ ከቤት ሲያወጣ ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

መጨረሻውን ሁሉን አልነግራችሁም፣ ግን አንድ ነገር ልበል። ቺኮ ሞተ ተብሎ ይነገራል። የጦርነቱ ማብቂያ ቀን ሰው ሁሉ በደስታ አደባባይ ሲወጣ፣ ያ ደረጃ እንደገና ይመጣል። የሚወጣው ሰው ግን ዓይኑ አያይም።

የመጀመሪያው ኦስካር የተሰጠው በግንቦት 1929 ሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ውስጥ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የፈጀው። አሸናፊዎቹ ከሦስት ወር በፊት ተነግረው ስለነበር ልብ የሚያንጠለጥል ነገር አልነበረም። ያን ዓመት የዳይሬክተር ሽልማት ሁለት ነበር። የኮሜዲውን ሉዊስ ማይልስቶን ወሰደ፣ የድራማውን ቦርዜጊ። ዳያንን ሆና የተጫወተችው ጃኔት ጌይነር የመጀመሪያዋ ምርጥ ተዋናይት ሆነች። ገና 22 ዓመቷ ነበር። የተሸለመችው በዚህና በሌሎች ሁለት ፊልሞች ነው። ከሁለቱ አንዱን ያኔ ለፎክስ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሙርናው ነው የሠራው፣ አንዱ ደግሞ የቦርዜጊ ነው። ቺኮን የተጫወተው ቻርልስ ፋረል ነበር። ጌይነርና ፋረል ከዚያ በኋላ በሕዝብ ዘንድ የማይነጣጠሉ ጥንዶች ሆኑ።

እነዚሁ ሁለቱ በ1929 የተጫወቱበት ሌላ የቦርዜጊ ፊልም አለ። «ዕድለኛዋ ኮከብ» ልበለው። ለረጅም ጊዜ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በኋላ ኔዘርላንድስ ውስጥ ባለ የፊልም መዝገብ ቤት አንድ ቅጂ ተገኘ። በዚህ ፊልም ፋረል ከጦርነት እግሩ ሽባ ሆኖ የተመለሰ ወጣት ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። የተሰባበረ ዕቃ ይጠግናል። ጌይነር የድሃ ገበሬ ልጅ ናት፣ ቆሻሻ የለበሰች፣ ፀጉሯ ውኃ ያልነካው። አንድ ቀን ፀጉሯን በእንቁላል ያጥብላታል። ሲታጠብ የፀጉሯ ቀለም ሌላ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ይገርማቸዋል። መሳሳም የለም፣ ንግግር የለም። እንቁላል እየተሰበረ ፀጉር ይታጠባል እንጂ። እናቴ «በቅቤ ቢቀባት ነበር» አለች። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የፍቅር ትዕይንት አይቼ አላውቅም። እግሩ የማይሄድ ሰው፣ እጁ ግን ሰው ሊያጥብ ይችላል። ዳይሬክተሩ ይህን ሳይናገር አሳየን።

ሁለተኛውን ኦስካር ያገኘው በ1931 በሠራው ፊልም ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው የሬዲዮ ሱቅ ሠራተኛ ነው፣ የራሱን ሱቅ ለመክፈት ሳንቲም ያጠራቅማል። ሚስቱ ታረግዛለች። እሷ ባሏ ልጅ የማይፈልግ ይመስላታል፣ እሱም እሷ የማትፈልግ ይመስለዋል። ሁለቱም ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም አይናገሩም። ለጥሩ ሐኪም የሚከፈል ገንዘብ ሲያጣ ቦክስ ሊገጥም ይገባል። ቦክስ አያውቅም። በዙር 10 ዶላር ስለሚከፈል ብዙ ዙር መቆየት አለበት። ይደበደባል፣ ይቆማል። ተጋጣሚው ምክንያቱን ሲሰማ ቶሎ እንዳይወድቅ ይረዳዋል። ፊልሙ ይኸው ነው። ክፉ ሰው የለበትም። ተንኮለኛ ሀብታም፣ የሚቀና ጓደኛ፣ የሚያጠምድ አክስት የለም። ያለው የቤት ኪራይ፣ የሐኪም ገንዘብና ሁለት አፋር ልቦች ናቸው። እኛ ቤት ስንት ባልና ሚስት እንዲህ ሆኖ ይኖራል! ይህን የሚያሳይ አማርኛ ፊልም ግን ብዙ አላየሁም።

በ1933 ደግሞ ኢኮኖሚው ወድቆ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ ኒውዮርክ ወንዝ ዳር በቆርቆሮና በጣውላ በተሠራ የድሆች ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥንዶችን ሠራ። ስፔንሰር ትሬሲና ሎሬታ ያንግ ናቸው። ሴቲቱ ትልቁ ምኞቷ የማብሰያ ምድጃ ነው። ሰውየው ነጻ ነኝ፣ ማንም አያስረኝም የሚል ዓይነት ነው። ግን ምድጃውን በየጊዜው በሚከፈል ዕዳ ይገዛላታል። ለእንዲህ ያለ ሰው ዕዳ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እወድሻለሁ ከማለት ይበልጣል።

የሠርግ ካሜራማን ስለሆንኩ ይሆናል፣ አንድ ነገር ተከታትዬ አየሁ። ቦርዜጊ ፊልሞች ውስጥ ሠርግ ብዙ ጊዜ አለ፣ ድግስ ግን የለም። በ1932 ከኧርነስት ሄሚንግዌይ መጽሐፍ ተነሥቶ በሠራው የጦርነት ፊልም፣ ወታደሩ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ነርሷ አልጋው አጠገብ ናት። አንድ ቄስ ቀስ ብሎ ጸሎቱን ይደግምላቸዋል። ማንም አልፈቀደም፣ ማንም አልተጠራም። በ1940ው ፊልም ደግሞ ከሞት ሊያመልጡ የተነሡ ሁለት ወጣቶችን የልጁ እናት አንድ ጽዋ አቅርባ ታጋባቸዋለች። ከዚያ ወጥተው በበረዶ ተራራ ይሸሻሉ። እኔ ስንት ድንኳን ቀርጫለሁ። ስንት ኬክ፣ ስንት ሊሞዚን፣ ስንት የቅልቅል ጭፈራ። የሚወዱኝ ደንበኞቼ አይቀየሙኝ እንጂ፣ ከቀረጽኳቸው ሁሉ የማስታውሳቸው አንድ ሽማግሌ አባት ልጃቸው ጉልበታቸውን ሲስም ድምፃቸው ሲቆራረጥ የያዝኩትን ነው። ቦርዜጊ ይህን ያውቃል። ድግሱን አንሥቶ ቃሉን ብቻ ይተወዋል።

አሁን ያንን የ1940ውን ፊልም ልንገራችሁ። አንባቢያችሁ አገር ይህ ሁሉ ጉዳይ እያለባት ላሉት መልሱ እሱ ነው። «ሞት ያዘለ ማዕበል» ብለን እንጥራው። ታሪኩ የሚጀምረው ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ጀርመን ውስጥ ነው። በተማሪዎቹ የሚወደድ አንድ ፕሮፌሰር አለ። የልደት ቀኑ ነው። ቤተሰቡ ገበታ ላይ ሳለ የሂትለር መሾም በሬዲዮ ይሰማል። በዚያች ቅጽበት አንድ ገበታ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ልጆች ከአባታቸው፣ ጓደኛ ከጓደኛ ይለያያል። ትናንት ያጨበጨቡለት ተማሪዎች ክፍሉን ጥለው ይወጣሉ። መጽሐፍ ይቃጠላል። የፕሮፌሰሩ ልጅ እጮኛዋ ወደ ናዚዎቹ ሲገባ ትተወዋለች። ሰልፉን እምቢ ያለውን ገበሬ ትወዳለች። ማርጋሬት ሱላቫንና ጄምስ ስቱዋርት ናቸው የተጫወቱት። በመጨረሻ ድንበር ሊሻገሩ ሲሉ እንዲተኮስባቸው የሚያዘው ያ የቀድሞ እጮኛዋ ነው።

ፊልሙ የወጣው በሰኔ 1940 ነው። በዚያው ወር ፓሪስ በጀርመን እጅ ወደቀች። አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም፣ የገባችው በታኅሣሥ 1941 ነው። ከሆሊውድ ትልልቅ ስቱዲዮዎች በድፍረት የናዚን ስም ጠርቶ ፊልም የሠራ ያኔ ጥቂት ነበር። ፊልሙ ከወጣ በኋላ የጀርመን መንግሥት የስቱዲዮውን የኤምጂኤምን ፊልሞች በሙሉ አገደ። ልብ በሉ፣ ይህ የፍቅር ፊልም ነው! ስለ ፓርላማ አያወራም፣ ንግግር አያደርግም። ሁለት ሰው ይዋደዳል። እነሱን ለመነጠል የሚመጣው ሁሉ ደግሞ አንድ በአንድ ይታያል። አንድ አገር ሲታመም ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት ወጣቶች ለመጋባት ምን እንደሚያግዳቸው ተመልከቱ።

ሥራው ሁሉ ጥሩ ነው ብዬ አልዋሽም። በ1913 አካባቢ ጀምሮ እስከ 1959 ወደ መቶ የሚጠጉ ፊልሞች ሠርቷል። በ1930ዎቹ አጋማሽ ለዋርነር ብራዘርስ ከሠራቸው ውስጥ እንዲሁ የሚታለፉ አሉ። የመጨረሻው ፊልሙ ስለ ሐዋርያው ጴጥሮስ ነው፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ እኔም ታግሼ ነው የጨረስኩት። ከጦርነቱ በኋላ የሰው ስሜት ተለወጠ። መራራ፣ የተጠራጠረ ፊልም ተወደደ። በፍቅር የሚያምን ሰው እንደ የዋህ ታየ። በ1948 አባቱ በስቅላት ስለተቀጣ በሕፃንነቱ ሲሰደብ ስላደገ ልጅ የሠራው ፊልም ዛሬ የሚያዩት ያደንቁታል፣ ያኔ ግን ገበያ አላገኘም። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ለሲኒማ ቤት የሚሆን ፊልም አልሠራም። ሁለት ኦስካር ያለው ሰው! በ1961 የሙያ ጓደኞቹ፣ የዳይሬክተሮች ማኅበር፣ ትልቁን የዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ ሽልማት ሰጡት። በዓመቱ፣ በሰኔ 1962፣ በካንሰር ሞተ።

እንግዲህ ወደ እኛ ልመለስ። የፍቅር ፊልሞቻችን የሚሰለቹት ፍቅር ስለበዛባቸው አይደለም። ፍቅረኞቹ የሚኖሩበት ዓለም ስለሌለ ነው። ልጁ ምን ሠርቶ ነው የሚበላው? አይታወቅም። ልጅቷ የት ነው የምትኖረው? ቪላ ውስጥ። ቪላው የማን ነው? የአከራዩ። ጠዋት ተነሥተው ዳቦ የሚገዙበት ሰፈር የለም። ታክሲ አይጋፉም። ኪራይ አይጨመርባቸውም። እናት ስትታመም የመድኃኒት ገንዘብ አያጡም። ካጡም አንድ ሀብታም ከውጭ ይመጣና ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን ፍቅሩ የሚፈተንበት ነገር ያጣል። ስለዚህ ደራሲው የሐሰት ጠብ ይፈጥራል። የተሳሳተ ስልክ፣ የተምታታ ማንነት፣ ቀናተኛ ጓደኛ። ተመልካቹም ይሰለቻል። ቦርዜጊ ጠብ አልፈጠረም። ጠቡ ከውጭ፣ ከእውነተኛው ኑሮ ነው የሚመጣው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ድርሰት ጽፌ ነበር። መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቡና የምታፈላ ልጅና ኮንስትራክሽን ላይ በቀን ሥራ የሚተዳደር ልጅ ናቸው። ለመጋባት ይፈልጋሉ። የምትከራየው አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ክፍሏ ውስጥ ታናሽ ወንድሟን ታስተምራለች። ልጁ ከገባ ወንድሟ የት ይደር? ታሪኩ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ወስጄ ለአንድ ፕሮዲዩሰር አሳየሁት። በትሕትና አነበበው። ከዚያ «ይህን ማን ያያል? ልጁን ከአሜሪካ የመጣ አድርገው፣ እሷን የሆቴል ባለቤት ልጅ አድርጋት፣ ግንቡ ጋ ቀረጻ እናደርጋለን» አለኝ። ድርሰቱን ይዤ ተመለስኩ። አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አንድም ቃል አልለወጥኩበትም፣ አልለውጥምም።

ግንቡ ጋ ላለው ደግሞ የምለው አለኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ቀራጮችን አብሬ ሠርቼ አውቃለሁ። ጎንደር ሲመጡ አፄ ፋሲል ግቢ ይገባሉ፣ ጥንዶቹ ግንቡ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ያልቃል። ከተማዋ ከ1636 ጀምሮ ስንት ዘመን ያየች ናት። ግንቡ ያምራል፣ እኔም እንጀራዬ ነው። ግን ግንብ ውስጥ የሚኖር ጎንደሬ የለም። ጎንደሬው የሚኖረው አራዳ ጀርባ ካሉት ኮርኒስ ካጡ ቤቶች ውስጥ፣ ማራኪ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አዘዞ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ሲያወርድ የሚውል ልጅ አለ። የሚወዳት ልጅ ሁለት ድንኳን አልፋ ትሸጣለች። ማታ ባጃጅ ውስጥ አብረው ሲሄዱ አንድ ቃል አይነጋገሩም፣ ደክሟቸዋል። ይህን የሚቀርጽ ካሜራ አይመጣም።

ቁም ነገር ያለው ፊልም ከዚህ ምድር እንደሚወጣ ደግሞ አይተናል። ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ውስጥ ነው የተወለደው። «ጤዛ» የተባለው ፊልሙ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት አግኝቷል። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ያለውን ዓይን ለፍቅርም እንድንሰጠው ነው። ጦርነት፣ ፖለቲካ ሲሆን ከባድ እንሆናለን። ፍቅር ሲሆን ግን ቀልድ እንጨምርበትና እንገላገላለን። አባቶቻችን በሰምና ወርቅ ሲገጥሙ የፍቅሩን ግጥም ከሌላው አላሳነሱትም።

ደብዳቤውን ለጻፉት ወንድሜ፦ በአክብሮት እላለሁ፣ ይብቃን ከሚሉ ፍቅረኞቹ ምን ሠርተው ነው የሚበሉት ብለው ይጠይቁልን። ተመልካቹ ይህን ደጋግሞ ከጠየቀ ሠሪውም ለመመለስ ይገደዳል። ፕሮዲዩሰሮች የሚፈሩት ሳንሱርን አይደለም፣ የቲኬት መስኮቱን ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛው፣ የጥበብ ገጻችሁ ላይ ስለ ዛሬ ተዋንያን ትዳርና ፍቺ ከምታወጡት ጥቂቱን ቀንሳችሁ ስለ ድሮ የፊልም ሠሪዎች ሥራ ጻፉልን። የውጭውንም፣ የአገር ቤቱንም። ወጣት ካሜራማኖች ብዙ ነን፣ ትምህርት ቤት የገባን ጥቂት ነን። የምንማረው እያየንና እያነበብን ነው። ስለ አንድ ቀረጻ እንዴት እንደተሠራ የሚያስረዳ ግማሽ ገጽ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ይህ ነው። «ሰባተኛ ሰማይ» የወጣው በ1927 ስለሆነ በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብቱ ዘመን ከጥር 2023 ጀምሮ አብቅቷል። እኔና እንግሊዝኛ የምታስተምር የእህቴ ልጅ የፊልሙን ጽሑፎች በሙሉ ወደ አማርኛ መልሰናል። ፊልሙ ላይ ለጥፈን አዘጋጅተነዋል። ለእናቴ እየነገርኩ ያየሁትን ሌሎች እናቶችም ራሳቸው እያነበቡ፣ ማንበብ የማይችሉትም ልጆቻቸው እያነበቡላቸው እንዲያዩት ነው። ጎንደር ውስጥም ሆነ በሌላ ከተማ ፕሮጀክተርና ነጭ ግድግዳ ያለው የወጣት ማዕከል፣ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት ካለ በነጻ እንሰጣለን። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፣ የሚፈልግ በእናንተ በኩል ይጠይቀኝ። ጎንደር ከሆነ ጄኔሬተርና ድምፅ ማጉያ ይዤ ራሴ እመጣለሁ። ከፋሲካ በፊት ቢሆን ይሻለኛል፣ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሠርግ ይበዛብኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሠርግ ካሜራማን
ከጎንደር፣ አራዳ